የማይቀሰቅስ ደጋን

ጠዋት የድስቱ ክዳን ከመጋዝ ወንድም ሚስት እጅ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። እየተሽከረከረ ሲያንቃጭል ሴትዮዋ በርከክ ብላ በሁለት እጇ አፈነችው፤ ያመለጠች ዶሮ የምትይዝ እንጂ ክዳን የምታነሳ አትመስልም ነበር። ከዚያ ቀና አለች። መጋዝ ነገሩን ልብ ያለችው ያን ጊዜ ነው። ሴትዮዋ ያየችው ባሏ ወደተኛበት መጋረጃ ሳይሆን ወደ ጎረቤት ግድግዳ ነበር። ትንፋሿን ይዛ ግድግዳውን ጥቂት አዳመጠችና ክዳኑን በቀሚሷ ጠርጋ አስቀመጠችው። ቀጥላ ጣቷን ወደ መጋረጃው ቀስራ በሹክሹክታ «ወንድምሽ ተኝቷል!» አለች። ክዳኑን የጣለችው ራሷ፣ ተግሣጹ ለመጋዝ። በዚያ ቤት ፍርድ እንዲህ ነበር።

መጋዝ ያሏት ስም ጠፍቶ አይደለም። ቫዮሊን የጀመረች ሰሞን ደረጃውን የሚወጣና የሚወርደው ሁሉ «ዛሬ ደግሞ የምን እንጨት ነው የምትሰነጥቂው?» እያለ ሲያላግጥባት ቅጽል ስሙ ተጣበቀባት፣ ራሷም ለመደችው። አሁን ግን ከዚያ ሕንፃ ነዋሪ ድምፅዋን የሚሰማ የለም። ስሙ ቀረ እንጂ መጋዙ ዝም ካለ ዓመታት አልፈዋል።

ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ኩሽና ነው። ክፍሉን ለሁለት የሚከፍለው አበባማ መጋረጃ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ የባልና ሚስቱ አልጋ፣ ከወዲህ ጠረጴዛው፣ ወንበሮቹና ሌሊት የመጋዝ መኝታ የሚሆነው ሶፋ። ወንድሟ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ በሽመና ክፍል የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው። ጎህ ሲቀድ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ይዞ ይገባል፣ ዳቦውን በሻይ ይበላል፣ ይተኛል፣ አመሻሽ ላይ ይነሳል። ስለዚህ በዚያ ቤት ቀኑ ሌሊት ነው። የወንበሮቹ እግር አሮጌ ካልሲ ለብሷል። የበሩ ማጠፊያ ከሰው እኩል ዘይት ይደርሰዋል። ሻይ የሚማሰለው በእንጨት ማንኪያ ነው። ሬዲዮ አለ፤ ግን የአበባ ማስቀመጫ ከተጫነበት ቆይቷል። የመጋዝ ቫዮሊንም ቢሆን ክሮቹን በሚሸከመው እንጨት ላይ ወፍራም ጎማ ተሰክቶበት፣ በጎማው ላይ የልብስ መቆንጠጫ ተነክሶበት፣ ድምፁ ከትንኝ እንዳይበልጥ ተደርጎ ነው የሚነካው። አንዴ ሰገነት ላይ ወጥታ ለመለማመድ ሞክራ ነበር፤ የወንድሟ ሚስት ተከትላት ወጥታ እጇን ይዛ አወረደቻት። «ዝም አይነቅዝም» የምትለው ተረት ከአፏ አይጠፋም፤ ሌላ ተረት የምታውቅም አትመስል።

የሚገርመው ወንድሟ ራሱ አንድም ቀን ዝም በሉ ብሎ አያውቅም። ዛሬም ከመተኛቱ በፊት፣ ከሥራ ገብቶ ሻዩን ይዞ ሲቀመጥ እንደ ልማዱ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል «ዛሬ ነው አይደል?» አላት። ራሷን ነቀነቀች። «ታዲያ ሳትሄጂ እዚሁ ተጫወቺና እጅሽን አሙቂው። እኔን አትቀሰቅሺኝም።» ሚስቱ ብርጭቆውን ከፊቱ እያነሳች «ይሉኝታ ይዞት ነው» አለች ወደ መጋዝ ዞራ፣ «ሌሊቱን ቆሞ ያደረ ሰው እንዴት አይቀሰቀስም?» እሱ ፈገግ አለ። ፈገግታና «እሺ»፤ ከእሱ የሚገኘው ይኸው ብቻ ሆኗል። ድሮ እንዲህ አልነበረም። እናታቸው ከሞተች በኋላ ያሳደጋት እሱ ነው። ያን ጊዜ ደረጃውን ሲወጣ ፉጨቱ ከሱ ቀድሞ ይገባ ነበር። እሷ ስትለማመድ ጢሙን እየላጨ፣ ከመስታወቱ ሳይዞር፣ «ይቺኛዋ ቀጠነች፣ ላላ አርጊያት» ብሎ ክር ያስተካክልላት ነበር። አሁን «ነገር በዓይን ይገባል» እያለ ሰው ሲያወራ አፍ አፉን ያያል እንጂ ጨዋታ የለውም። ካገባ ወዲህ ነው የተለወጠው ትላለች መጋዝ በልቧ። ሚስቱ ናት። ቤቱን እንዳፈነችው እሱንም አፈነችው። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም፤ ግን ሳታስበው የምትውልበት ቀን የለም፤ እያሰበችውም የሴትዮዋን እንጀራ፣ የሴትዮዋን ሳሙና፣ የሴትዮዋን ሶፋ ትጠቀማለች፣ ይህም ጥላቻውን ያባብሰዋል።

የዛሬው ፈተና የከተማው ቴአትር ቤት ኦርኬስትራ ለከፈተው አንድ የቫዮሊን ወንበር ነው። ለፈተና ከተሰጡት ቁራጮች ከባዱ ደጋኑን ማንጠር የሚጠይቀው ነው። ሌላ ጊዜ ደጋን ክር ላይ ተኝቶ ይሳባል፤ እዚህ ላይ ግን ለእያንዳንዷ ድምፅ ወድቆ መነሳት፣ ወድቆ መነሳት አለበት፣ ያውም በሩጫ። መምህሯ ጡረታ ወጥቶ ልጁ ዘንድ ከመሄዱ በፊት መሠረቱን አስይዟት ነበር። «ኳስ የምታነጥር ልጅ ኳሷን ወደ ላይ አትጎትታትም» ይላት ነበር፣ «ወደ ታች ትለቃታለች፤ የመነሳቱን ነገር ኳሷ ታውቅበታለች። አንቺ አትዝለይ። እሱ ይዝለል። አንቺ ብቻ አትከልክይው።» አለመከልከል እንዲህ ያስቸግራል ብሎ ማን ያስባል? አውራ ጣት ሲደርቅ ደጋኑ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሿ ጣት ስትላላ ይንሸራተታል፤ ትከሻ ከገባበት ደግሞ ነገሩ ሁሉ እንጨት ፈለጣ ይሆናል። ዓመት ሙሉ መስኮቱ ሥር ቆማ፣ ፊቷን ወደ ጥግ አዙራ፣ በጎማና በመቆንጠጫ በታፈነ ቫዮሊን ላይ ደጋኑን የሩዝ ፍሬ ከምታክል ከፍታ እየጣለች ተማረችው። ከዚያ በላይ ከነጠረ እንጨቱ ክሩን መትቶ ቀጭ ይላል፤ ቀጭ ካለ መጋረጃው ገለጥ ይልና የሴትዮዋ ጣት ይታያል። እጇም ልኩን አወቀ። ከወር ወዲህ አንድም ቀጭታ የለም። ሩጫው ንጹሕ ነው፣ እኩል ነው፣ ደጋኑ ያለ እሷ ፈቃድ የሚኖር ይመስላል። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣላት ቀን ደስታው አላስችል ብሏት ሰው ፈለገች፤ ያገኘችው ግን መጋረጃውን ነው።

ካለፈች የራሷ ወንበርና የራሷ ደሞዝ ይኖራታል፣ ውሎ አድሮም የምትጮህበት የራሷ ክፍል። ካላለፈች ሰኞ ፋብሪካ ትገባለች። የወንድሟ ሚስት ጎረቤታቸውን የፋብሪካውን ፎርማን ለምና ክር ማጠንጠኛ ክፍል ቦታ አስይዛላታለች። ክር ሲሮጥ የያዘ ጣት በጥቂት ወር ውስጥ ይሰነጣጠቅና ይደነድናል። በሕንፃው ውስጥ የዚያ ክፍል ሴቶች አሉ፤ መጋዝ ሰላም ስትላቸው የምታየው እጃቸውን ነው። በእንዲህ ያለ ጣት ቫዮሊን አይነካም።

«እትዬ፣ ልሂድ በቃ» አለች፣ ሳጥኗን ከሶፋው ሥር እያወጣች።

«ሂጂ። ይቅናሽ» አለች ሴትዮዋ። ከዚያ የቀሚሷን ክር እያስተካከለች «ካልሆነም አይክፋሽ። ሰኞ አለ። የቆጡን አወርድ ብላ እንዳይሆን ነገሩ» አለች። የብብቱ ምን እንደሆነ አልነገረቻትም፤ መጋዝም አልጠየቀቻትም።

ፎርማኑ ደረጃው አፍ ላይ በካናቴራ ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ግድግዳቸው አንድ ነው፤ የወንድሟ ፈረቃ አለቃም እሱ ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። «ክዳን ነው ድስት የወደቀባችሁ?» አላት፣ ተቆጥቶ ሳይሆን እየተጫወተ። ይቅርታ ጠየቀችው። «ግድ የለም፣ ቀድሞም አልተኛሁ። ሁለት ሰው አሰናብቼ ነው የመጣሁት፣ የድሮ ሠራተኞች ናቸው፣ እንዴት እተኛለሁ? ጆሯቸው ደንቁሯል። አንድ ልጅ እጁን ማሽን ከበላው ወዲህ ደንብ ወጥቷል፤ የማስጠንቀቂያ ደወል የማይሰማ ሰው ማሽን ጋ አይቆምም። ማሽኑ ሲነሳማ ማናችንም አንሰማ፣ በከንፈር ነው የምንነጋገረው። ደወሉን ግን መስማት ግድ ነው።»

«ያደነቆራቸው ማሽኑ አይደለም እንዴ?» አለች መጋዝ። «ካሣ አላቸው?»

«ምን ካሣ አለው? ሲገቡ ደህና እንደነበሩ በምን ያስረዳሉ? እኔም የምጠየቀው ስለ ደወሉ ነው።» ሲጋራውን በጫማው ደፈጠጠው። «ወንድምሽ ጨዋ ሰው ነው። ቃል አይመልስም። በይ ይቅናሽ፤ ካልቀናሽም ሰኞ በጊዜ ድረሺ።» እሷ ያናደዳት የተባረሩት ሰዎች ነገር ነበር፤ ግን ሦስቱን ፎቅ ወርዳ አውቶቡስ እስክትይዝ እንኳ አልቆየባትም፤ የራሷ ፈተና በላው። አውቶቡስ ውስጥ አውራ ጣቷን ጉልበቷ ላይ እያነጠረች ሄደች። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ በትዝብት አይተዋት ቦርሳቸውን ወደ ወዲያኛው ጎን አዞሩ።

ቴአትር ቤቱ ተፈታኞቹን ያስቀመጠው ከመድረኩ ጀርባ ባለው ኮሪደር ላይ ነው። ሁሉም በየጥጉ ቫዮሊኑን አውጥቶ ያሟሙቃል፤ ጫጫታው የመኪና መናኸሪያ ነው የሚመስለው። አንዱ ረጅም ወጣት ደጋኑ ፊቷ ላይ የሚያርፍ እስኪመስላት ድረስ እያነጠረ፣ እንጨቱ ክሩን ቀጭ ቀጭ እያደረገው፣ ያለ አንዳች እፍረት ይጫወት ነበር። መጋዝ በልቧ ናቀችው፤ ይሄ ሁሉ ቀጭታ! ከዚያ ቦታ አገኘችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆመች። ከኪሷ ጎማውን አወጣችና ሰካችው፤ ሰው እንዳትረብሽ። እጇ ነው የሰካው፣ እሷ አላሰበችበትም። እንደ ቤቷ በሹክሹክታ አሟሟቀች፣ አንድም ሳትሳሳት፤ ሲጠሯት ጎማውን ነቅላ ኪሷ ከተተችውና ገባች።

ፈታኞቹ የሚጫወተውን ሰው እንዳያዩ መድረኩ ላይ ጥቁር መጋረጃ ተዘርግቷል። ወለሉ ላይ የጫማ ድምፅ ሴት ይሁን ወንድ እንዳያሳብቅ ምንጣፍ ተነጥፏል። መጋረጃ አየችና ልቧ እንደመረጋጋት አለ፤ መጋረጃ ፊት መጫወት ታውቅበታለች። ዝግ ያለውን ቁራጭ ጨረሰች። ከወዲያ በኩል ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። ቀጥላ ትንፋሿን ሳብ አድርጋ የሚነጥረውን ጀመረች። መጣላት። ከቤቷም በላይ መጣላት፤ አውራ ጣቷ ለስልሷል፣ ትከሻዋ የለም፣ ደጋኑ በራሱ ይሄዳል፣ እያንዳንዷ ድምፅ እንደተለቀመ ምስር ለየብቻዋ ናት። ከአናት እስከ መጨረሻ አንድም አልዘለለባትም። ደጋኑን አወረደችና በደስታ ቆመች።

ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይቅርታ፣ ጀምረዋል?»

መልስ መስጠት ክልክል ነው፤ ድምፅ ማንነትን ያሳያል። ተፈታኞቹን በየቁጥራቸው የምትጠራው ሴትዮ ከጎን ሆና «ተጫውተው ጨርሰዋል» ብላ መለሰችላት። ፈታኞቹ ተንሾካሾኩ። «እባክዎ ይድገሙልን። እዚህ ድረስ አልመጣም። ከፍ አድርገው።» ደገመች። ከፍ ያደረገች መስሏት ነበር፤ «ከዚያ ከፍ» አሉ። እንግዲህ ምን ታድርግ? ደጋኑን ከከፍታ ጣለችው። ከዚያ ከፍታ ወድቆ አያውቅም፤ ተነስቶ የት እንደሚሄድም እጇ አያውቅም። ቀጭ ሲል ሰውነቷ ሁሉ ደነገጠ፤ መጋረጃው ተገልጦ ጣት የሚመጣ መሰላት፣ እውነት ነው፣ መሰላት፤ ትከሻዋ ተሰበሰበ፣ አውራ ጣቷ ደረቀ፣ ደጋኑ ጎረቤት ክር ላይ ወጥቶ ጨርቅ የሚቀደድ ድምፅ አሰማ። ለማስተካከል ስትታገል ሩጫው ተደናበረ። መሐሉ ላይ ሳትደርስ «እናመሰግናለን» አሉ።

መጋዝ ሳጥኗን ስትዘጋ ቁጥር ጠሪዋ አጠገቧ መጥታ ቆመች፤ ፊቷ ላይ ሐዘን ነበረባት። «መንገር አልነበረብኝም» አለች፣ «ግን ከጎን ሆኜ እንደሰማሁት ከተጫወቱት ሁሉ ንጹሑ መጀመሪያ የተጫወትሽው ነበር። ያንቺ። ችግሩ ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ የሚሰማሽ የለም። የት ነው የምትለማመጅው?»

«ቤት።»

«ቤት ውስጥ በሽተኛ አለ?»

«የለም። ሰው ይተኛል።»

«እንዴ፣ ለስንት ዓመት ነው የሚተኛው?» አለች ሴትዮዋ። መጋዝ ሳቀች፤ ሳቋ ኮሪደሩን አልፎ ደረጃው ላይ ሲደርስ ለቅሶ ሆነ።

በእግሯ ተመለሰች። ልብስ መሸጫዎቹን፣ የጎማ ጠጋኞቹን፣ የተቆፈረውን መንገድ አልፋ ስትሄድ ለቅሶዋ ደረቀና በቦታው ቁጣ ገባ። ለወንድሟ አዘነች፣ ለራሷ አዘነች፣ ለሴትዮዋ ግን ትንሽ ሐዘን አልተረፋትም። ዓመት ሙሉ ያነጠረችው የሩዝ ፍሬ ታያት። ያቺን ፍሬ የለካችው የሴትዮዋ ጣት ናት። ሰኞ ደግሞ ክር ማጠንጠኛ ክፍል። ይህን ሁሉ እያሰበች ደረጃውን ስትወጣ ከላይ ከሰገነቱ የልብስ ማራገፍ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ሴትዮዋ ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች።

በሩን ከፍታ ገባች። በዘይት የራሰው ማጠፊያ ጭጭ አለ። እንደ ልማዷ ጫማዋን አወለቀች። ቆም ብላ ጫማውን አየችው፤ ከዚያ መልሳ አደረገችውና እየረገጠች ወደ መሐል ገባች። መጋረጃውን በአንድ እጇ ሸረር አድርጋ ከፈተችው። ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ አንገቱ ላይ ነጭ ብናኝ አለ። ቫዮሊኑን አወጣች። ኪሷ ውስጥ ያለውን ጎማ ነካችውና እዚያው ተወችው። ትነሳለህ አለች በልቧ። ዛሬ ተነስተህ ትሰማኛለህ፤ ከፈለግህ ተቆጣኝ፣ ከፈለግህ በጥፊ ምታኝ፣ ግን ትሰማኛለህ።

ደጋኑን ከላይ ጣለችው። ቀጭ አለ፤ ግድ አልሰጣትም። እንደገና ጣለችው፣ እንደገና፣ በአራተኛው ይሁን በአምስተኛው ደጋኑ ክሩን አገኘው፣ ክሩም መልሶ ወረወረው፣ እጇም ተከተለ። ክፍሉ በድምፅ ሞላ። ብርጭቆዎቹ ኩሽና ውስጥ መለሱላት። ከጠዋቱ የፈተና ቁራጭ መሐሉ ላይ ያሉትን ሩጫዎች ደገመቻቸው፤ ከአዳራሹ መጨረሻ ረድፍ ይሰሙ ነበር፣ ከመንገዱ ማዶ ይሰሙ ነበር። ይኸው! ይኸው መጣ! አንቺ ብቻ አትከልክይው ያለው ይህን ኖሯል። ከሰዓታት በፊት ቢሆን ወንበሩ የሷ ነበር። እያለቀሰች ትስቃለች፣ እየሳቀች ትጫወታለች፤ ደስ ብሏት እንደዚያ ተጫውታ አታውቅም። እየተጫወተችም ወደ አልጋው ቀረበች፣ ከራስጌው ቆመች፣ ቫዮሊኑን ወደ ጆሮው ዝቅ አደረገችው። የወንድሟ ትከሻ በእርጋታ ይነሳል፣ በእርጋታ ይወርዳል። ጣቱ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ደጋኑን አቆመች። «ጋሼ» አለች። ትንፋሹ እንደነበረ ነው። «ጋሼ!» ብላ ጮኸች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በዚያ ቤት እንደዚያ ጮኻ አታውቅም። አልሰማም። የሻይ ሰዓቱ መጣላት፣ አፍ አፏን የሚያየው ዓይኑ። እኔን አትቀሰቅሺኝም ያለው መጣላት። ፉጨቱ የቆመው መጣላት። ሴትዮዋ ጠዋት ያየችው ግድግዳ መጣላት። ዝምታው ለእንቅልፉ አልነበረም። በጫጫታ መሐል ተኝቶ የሚቀር ሰው መደንቆሩ ይታወቃል፤ ጫጫታ በሌለበት ቤት ግን ማንም አያውቅም።

በሩ ተበረገደ። የወንድሟ ሚስት ናት፣ እጇ እስከ ክርኗ ሳሙና እንደሆነ። የመጋዝን እጅ ያዘች፣ ግን ጊዜው አልፏል። ከኋላዋ ፎርማኑ በካናቴራው ገብቷል፣ ፊቱ በቁጣ አብጦ። «ሰው ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ አድሮ በቀን እንኳ...» ብሎ ጀመረ። ዓይኑ አልጋው ላይ አረፈ። ቁጣው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ ታየ፤ የተተካው ግን ከቁጣ የሚብስ ነበር።

«የእንቅልፍ ኪኒን ውጦ ነው» አለች ሴትዮዋ ቶሎ ብላ። «አሞት ነበር። ሐኪም ነው ያዘዘለት፣ አሞት ነው።»

ፎርማኑ ወደ አልጋው ሄደና ጎንበስ ብሎ ከተኛው ሰው ጆሮ ሥር ሁለት እጁን አጨበጨበ። ምንም። ቀጥሎ የአልጋውን እግር በጫማው ጠጋ አድርጎ ገፋው። ወንድሟ ብድግ አለ። ሦስት ሰው ከአልጋው በላይ ቆሞ አየ፤ ከአፍ ወደ አፍ ተመለከተ፤ የመጋዝን ቫዮሊን አየና ፊቱ በራ። «አለፍሽ እንዴ?» አላት። ድምፁ ለዚያች ክፍል ከልክ በላይ ትልቅ ነበር።

ፎርማኑ በመዳፉ አፉንና ጢሙን እየዳበሰ፣ ከመዳፉ ጀርባ ሆኖ፣ በተራ ድምፅ «መስማት ካቆምክ ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለ። ወንድሟ አለቃውን ባክብሮት አየው። ፈገግ ብሎ «እሺ፣ እሺ። ደህና ነኝ። ግባ፣ ቁጭ በል እንጂ» አለና ወንበር ሊያቀርብለት ተነሳ። ካልሲ ያጠለቀው ወንበር ያለ ድምፅ ተንሸራቶ መጣ። ፎርማኑ ወንበሩን አየ፣ ካልሲውን አየ፣ ሴትዮዋን አየ። አልተቀመጠም። የወንድሟን ትከሻ ቸብ አድርጎ ወጣ፤ ከጥፊ ያች ቸብታ ትከፋ ነበር።

ሴትዮዋ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከባሏ ጀርባ፣ ተቀመጠች። ሳሙናው እጇ ላይ እየደረቀ ነበር። ስንት ዓመት ቤቱን ሁሉ ለብቻዋ እንደ ክዳን በእጇ ይዛ ኖራለች፤ መጋዝ አሁን ፊቷን ልታያት ፈለገችና አልቻለችም። «እትዬ» ልትል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ምን ትላለች? አላወቅሁም ትበል? ለምን አልነገርሽኝም ትበል? ልጅ ነሽ፣ ታወሪያለሽ ብላ ፈርታ ይሆናል። ወይም እሱ ነው እንዳትነግራት ያላት፤ እህቱ የሱን ደንቆሮነት አውቃ ከምታዝን ሚስቱን ብትጠላ ይሻላል ብሎ።

«አለፍሽ ወይ?» አለ ወንድሟ ደግሞ።

«ንገሪው እንጂ» አለች ሴትዮዋ ከጀርባው። አልተንሾካሾከችም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ነው የተናገረችው። «ከእንግዲህ ድምፅሽን ቀንሺ የሚልሽ የለም።»

መጋዝ ቫዮሊኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እሱ አፏን ደህና አድርጎ እንዲያይ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረችና ቃሉን በከንፈሯ ቀስ ብላ ሠራችው። «አላለፍኩም ጋሼ።»

ወንድሟ ከንፈሯን እስከ መጨረሻው ተከተለ። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋና ራሷን ይዞ ወደ ደረቱ ሳባት፤ የጥጥ ሽታ ሸተታት። «አይዞሽ» አላት በዚያ ትልቅ ድምፁ፣ «ሰኞ የትም አትሄጂም። ሌላ ጊዜ ትፈተኛለሽ። እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ምን ቸገረሽ!»

ከግድግዳው ወዲያ ፎርማኑ አሳለ። ሁለቱ ሴቶች ሰሙት።